የታፔላው ቅሬታ

ታፔላው ቅናት የሚባል ነገር አያውቅም። እንዲህ የሚለው ራሱ ታፔላው ነው፤ ሌላ የሚመሰክርለት ሰው እስከ ዛሬ አልተገኘም። ስሙን ያወጣለት ሰፈሩ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሱቅ፣ የጋራዥ፣ የፀጉር ቤት፣ የመድኃኒት ቤት ታፔላ ሲጽፍ ኖሯልና። እጁስ እጅ ነበር፣ ሐሰት አይነገርም። ፊደሉን ጥላ ያለብሰዋል፣ እግሩን ያረዝመዋል፣ ጫፉን እንደ ሐረግ ይጠመዝዘዋል። ከዚያ ባነር የሚያትሙ ማሽኖች መጡና በአንድ ሰዓት አሥር ታፔላ ይተፉ ጀመር። እሱም መሰላሉን ጓሮ አቆመ፤ ብሩሾቹን ግን ማን ያውቃል ብሎ በጣሳ አድርጎ ቁም ሣጥኑ ላይ አስቀመጣቸው።

ሚስቱ ትራስ ሰፊ ናት። የራስ ትራስ እንዳይመስላችሁ፤ ወንበር ላይ የሚደረግ፣ መሐሉ ጎድጎድ ያለ፣ ወገብ የሚያሳርፍ የመቀመጫ ትራስ ነው። ሳሎኑን ለሁለት ተካፍለውታል። በመስኮቱ በኩል የእሷ የስፌት መኪና፣ በግድግዳው በኩል የእሱ ጠረጴዛና ያረጀ ላፕቶፕ። የመንገዱ ሥራ ሲሞትበት ታፔላው የኢንተርኔት ማስታወቂያ ሠሪ ሆነ፤ የመጀመሪያዋም የመጨረሻዋም ደንበኛው ሚስቱ ነበረች። ለራሱ ትራስ ስጪኝ ብሎ አያውቅም። ወገቤ ደህና ነው እያለ ከጠዋት እስከ ማታ ደረቅ እንጨት ላይ ይቀመጣል።

ማስታወቂያው የሚወጣው አባላቱ «እየኝ ልይህ» በሚሉት ድረ ገጽ ላይ ነው። ሕጉ ቀላል ነው። የሌላውን ማስታወቂያ ከፍተህ ሃያ ሰከንድ ታያለህ፤ ሰዓቱ ከላይ ወደ ታች እየቆጠረ ይወርዳል፤ ሃያው ሲያልቅ አንድ ነጥብ ታገኛለህ፤ በዚያች ነጥብ ደግሞ ያንተው ማስታወቂያ ለሌላ ሰው ይታያል። እዚያ ቤት ሁሉም ሻጭ ነው። ጫማ ሻጩ ቅባት ሻጯን ያያል፣ ቅባት ሻጯ ጎማ ሻጩን ታያለች፣ ጎማ ሻጩ ዞሮ ጫማ ሻጩን ያያል፤ ገዢው የት እንዳለ እግዜር ይወቅ። አብዛኛውም ሰው ሃያው ሰከንድ እስኪያልቅ ሻይ ይጠጣል፣ ጥፍሩን ይቆርጣል እንጂ አያነብም። ታፔላው ይህን ሲነግሩት አይዋጥለትም። የእሱ ማስታወቂያ በሁለት ዓመት ዘጠኝ ሺህ ጊዜ ታይቷል፤ ቁጥሩን ለጎረቤት የሚነግረው ልጁ ፈተና ያለፈለት ይመስል ደረቱን ነፍቶ ነው። ስንት ትራስ ተሸጠበት ያለው ሰው ካለ ግን ወሬ ይቀይራል።

መቼም ማስታወቂያው ያምር ነበር። በቀይ ሐር ላይ የወርቅ ፊደል፣ በፊደሉ ሥር ጥላ፣ በጥላው ሥር ሐረግ፣ ጥግ ላይ ብልጭ ድርግም የምትል ኮከብ፣ ከታች በደቃቁ የሚስቱ ስልክ ቁጥር። አዲስ በሠራ ቁጥር ያቀብላታል። እሷ መርፌዋን ትሰካና ስልኩን አንዴ ራቅ አንዴ ቀረብ አድርጋ ታያለች፤ ከዚያ «ያምራል» ትለዋለች። ከዚህች አንዲት ቃል ሌላ ጨምራ አታውቅም። ያቺ ቃል ለታፔላው ምሳውም እራቱም ነበረች።

ታዲያ አንድ ቀን የሚስቱ ስልክ ከጠረጴዛ ወድቆ መስታወቱ ተሰነጠቀ። ታናሽ ወንድሙ ሞባይል ጠጋኝ ነው፤ ሦስት መንገድ አለፍ ብሎ ጠባብ ሱቅ አለው። ሚስትየው ስልኩን ይዛ ሄደች፤ ስትመለስ ስልኩ ተጠግኖ፣ በዚያ ላይ አፍ አውጥቶ መጣ። ጣት ስታሳርፍበት የተጻፈውን ሁሉ እንደ ዜና አንባቢ ጮክ ብሎ ያነባል። ይህ እንኳ ደግ። ሌላም ነገር ይዞ መጣ፤ አዲስ ማስታወቂያ።

ታፔላው ሲያየው ሳቁ ነው የመጣበት። ነጭ መደብ፣ ጥቁር ፊደል፣ አንድ የትራስ ፎቶ፣ ፎቶውን የሚያህል ስልክ ቁጥር። ሐረግ የለው፣ ጥላ የለው፣ ኮከብ የለው። ከላይ በወፍራሙ «ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጠዋል። ወገብዎ እንዴት ነው?» ይላል። ይኼ ማስታወቂያ ነው ወይስ የጠፋ ሰው መፈለጊያ ብሎ አሾፈ። ሚስቱ አልሳቀችም። እስቲ ይሞከር፣ ምን ይጎዳል ብላ በእሱ ማስታወቂያ ቦታ የወንድሙን በራሷ ስም አስገባች። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» ብሎ ታፔላው ለራሱ አጉረመረመ፤ ለማን እንደተረተው ግን እሱም አላወቀው።

ስልኩ በማግስቱ ጠራ። ከሰዓት በኋላም ጠራ። ነገሩ እንዲህ ነበር፤ እየኝ ልይህ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ነጥብ ለመልቀም ሙሉ ቀን ተጎልቶ የሚውል ነው። ወገቡን ይዞ ሃያ ሰከንድ ሲቆጥር ድንገት ወገብህ እንዴት ነው የሚለው ሲመጣበት ምን ያድርግ? ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ሰውዬ አዘዘ፣ ሒሳብ ያዥዋ አዘዘች፣ ያቺ ቅባት ሻጯም ለራሷና ለእናቷ አዘዘች። አንድ ዓይነ ስውር መምህር ደውሎ ማስታወቂያውን ስልኬ አነበበልኝ፣ ሥዕሉንም ሳይቀር «ሰማያዊ የመቀመጫ ትራስ፣ መሐሉ ጎድጎድ ያለ» ብሎ ነገረኝ ሲላት ሚስትየው በደስታ ተነስታ ቆመች፤ ስልክ እንዲያነበው ብሎ ይህን ከፎቶው ጋር የጻፈው ወንድምየው ነው።

ታፔላውስ? ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሮ ጆሮውን አቁሞ ይቆጥራል። ዛሬ አራት ሰው ደወለ። ዛሬ ስድስት። ደንበኞቹ ማስታወቂያውን ማን ሠራልሽ ሲሏት «የባሌ ወንድም ነው» ትላለች፤ በሰማት ቁጥር አንጀቱ ይቃጠላል። «ባሌ» የሚለው ቃል ቢገባበትም፣ የገባው ወንድምየውን ለማስተዋወቅ ነው። ደግሞ ወንድሙ ማታ ሱቁን ዘግቶ ወደ ቤቱ ሲያልፍ ጎራ ይላል። ወንበር ይስብና ከስፌት መኪናው ጎን ይቀመጣል፤ ሁለቱ ስልኩ ላይ ተደፍተው ይሳሳቃሉ። የጨርቁ ቀለም የትኛው ይሻላል ብላ የምትጠይቀው እሱን ሆነ። ሠላሳ ዓመት ከቀለም ጋር የኖረው ሰው ሁለት ክንድ ርቆ ተቀምጧል እኮ! ይባስ ብላ አንድ ቀን ለወንድምየው አዲስ ትራስ ሸለመችው። ታፔላው ከደረቅ ወንበሩ ላይ ሆኖ አየ፤ ቆሽቱ አረረ፤ ግን ወገቡ ደህና ነው ብሎ ነበርና ምን ይበል።

ወንድሙን ይጠላዋል ማለት አይደለም። ያሳደገው እሱ ነው። የሚያንገበግበው ሌላ ነገር ነው፤ ያቺ ቃል ጠፋች። ሚስቱ የወንድሙን ማስታወቂያ ያምራል ብላው አታውቅም፣ ነገር ግን ለታፔላውም የምትልለት ነገር አልቀረም። ከዚያች ጠረጴዛ የሚነሳ አንድም ነገር እሷ ዘንድ አይደርስም። ነገ ትራሷ ሲገን እኔ ምኗ ነኝ የሚለው ሐሳብ ገባበት፤ ከገባ በኋላ ደግሞ ማን ያውጣው።

ነገሩ የፈነዳው በሾፌሮች ማኅበር ምክንያት ነው። የማኅበሩ ጸሐፊ በትርፍ ጊዜው ጎማ የሚሸጥ፣ የእየኝ ልይህ አባል ነበር። ማስታወቂያዋን አይቶ ደወለና ለመኪኖቻችን ስልሳ ትራስ እንፈልጋለን፣ ሐሙስ ጠዋት ኮሚቴው ሲሰበሰብ ገጽሽን ከፍቼ አሳያቸዋለሁ፣ ከተስማሙ እንጨርሳለን አላት። ስልሳ! በዓመት ሰፍታ የማታውቀውን በአንድ ትእዛዝ። ሴትየዋ ስልኩን ዘጋችና ወዲያው ሌላ ቁጥር መታች። ታፔላው ከጠረጴዛው ቀና ብሎ ይጠብቃል፤ ወሬውን ለእሱ ከመንገሯ በፊት ለወንድሙ ስትነግር ሰማ። ለባሏ የነገረችው ከዚያ በኋላ ነው። እሰይ አላት። ፊቱን ግን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነው እሰይ ያላት።

በማግስቱ፣ ማክሰኞ ረፋዱ ላይ፣ ታፔላው እንደ ልማዱ ነጥብ ይለቅማል። ለምን እንደሚለቅም እንኳ አያውቅም፤ የሚያስተዋውቀው ነገር የለውም። ጫማው አለፈ፣ ቅባቱ አለፈ፣ ጎማው አለፈ። ቀጥሎ ያ ነጭ ገጽ ተገተረበት። ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጠዋል። ወገብዎ እንዴት ነው? ሃያ ሰከንድ። አስራ ዘጠኝ። ከኋላው የስፌት መኪናው ይንኳኳል፣ ሚስቱ በልቧ ስልሳውን ትሰፋለች። አስራ ሁለት። ከገጹ ግርጌ «ቅሬታ» የምትል ትንሽ ቁልፍ አለች፤ ማንም የሚነካት የለም። ዘጠኝ። ተጫናት። ምክንያቱን ምረጥ አለችው፤ ሐሰት ነው፣ ነውር ነው፣ ጽሑፉ አይነበብም። ሐሰት ነው እንዳይል ትራሱ እውነት ነው፤ ነውር ነው እንዳይል የገዛ ሚስቱ ናት። ሦስተኛውን መረጠ። እንደ ባለሙያ አስተያየት መስጠቴ ነው፣ የአንድ ሰው ቅሬታ ምን ያደርጋል፣ የሚያየው ሰው ይስቅና ይተወዋል ብሎ ራሱን አጽናና። ቅሬታውን የሚቀበለው ግን ሰው አልነበረም፤ ማሽን ነው፣ ማሽን ደግሞ አይስቅም። ገጹ ያኔውኑ ለሦስት ቀን ታገደ።

ሐሙስ ጠዋት ሚስትየው ፀጉሯን ተሠርታ፣ ጥጡን ከምራ፣ ስልኩን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጠበቀች። አራት ሰዓት ላይ ጸሐፊው ደወለ። አዝኗል ሰውዬው። እህቴ፣ ገጽሽን ብከፍት ታግዷል ይላል፤ ኮሚቴው የታገደ ነገር አንነካም ብሎ ከሌላ ለመግዛት ወሰነ፤ እኔ ብቻዬን ምን አደርጋለሁ አላት። እሺ አለችው። 

ወንድምየው ተጠርቶ እየሮጠ መጣ። በዚያ ቤት ከሁሉም በላይ የተቆጣው ማን መሰላችሁ? ታፔላው። ይኼ ምን ዓይነት ክፉ ሰው ነው፣ የሰው እንጀራ የሚዘጋ፣ እጁ አይሰበርም ወይ እያለ ሳሎኑን ይመላለሳል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!  ወንድሙ ከድረ ገጹ የተላከ መልእክት እንዳለ እዪ አላትና የመልእክት ሣጥኗን ከፈተላት። ጣቷን አሳረፈችበት። ስልኩም ፈጣሪ የሰጠውን ድምፅ ሁሉ አውጥቶ አነበበው፦

«ማስታወቂያዎ ለሦስት ቀን ታግዷል። ቅሬታ ያቀረበው አባል፣ ታፔላው። ምክንያት፣ ጽሑፉ አይነበብም።»

ታፔላው በቆመበት ደረቀ። ሴትየዋ ጣቷን አንስታ እንደገና አሳረፈችው። ስልኩ ምን ይሉኝታ አለው፤ ቃል ሳያጓድል ደገመው። ወንድምየው ልሂድ ብሎ ሲነሳ ተቀመጥ አለችው። ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች፤ ድምጿ ከፍም አላለ።

«ጽሑፉ አይነበብም አልክ?»

 ስልኳ ውስጥ ፈልጋ የእሱን የመጨረሻ ማስታወቂያ አወጣች፤ ቀዩን፣ ወርቁን፣ ኮከቡን። ጣቷን አሳረፈችበት። ስልኩ ትንሽ አሰበና «ሥዕል» አለ። ፊደሉ ሁሉ እንደ ሥዕል የተሣለ ነበርና ሌላ የሚያነበው አላገኘም። ሁለተኛ ብትነካውም «ሥዕል» አለ።

«እኔም ከዚህ ሌላ አይቼበት አላውቅም» አለችው። «ሁለት ዓመት ሙሉ ምን እንደጻፍክልኝ አላነበብኩትም። ዓይኔ ደክሟል አንተ ሰው። መርፌ የምሰካው እንኳ በዳበሳ ነው።»

«ያምራል ትዪኝ ነበር እኮ!»

«ያምር ነበራ። አነበብኩት ግን ብዬህ አላውቅም፤ አንብቢልኝ ብለኸኝም አታውቅም።»

ያን ራቅ ቀረብ ማድረጓን አሰበው። በአድናቆት ነበር የሚመስለው። እፍረቱ ሲያንቀው፣ ደካማ ሰው እንደሚያደርገው፣ ወደ ወንድሙ ዞሮ ተቆጣ። አንተስ ዓይኗ መድከሙን ከየት አወቅህ፣ ይህን ጥበብ ደግሞ ማን አስተማረህ አለው። ወንድምየው መሬት መሬት እያየ መለሰለት።

«አንተ ነሃ ጋሼ። ታፔላ በጨረስክ ቁጥር መንገድ ትሻገርና አላፊ አግዳሚውን አስቁመህ እስቲ አንብብልኝ ትል ነበር። ያዘዘህን ሰው ግን አትጠይቅም፤ ባለቤቱ የተጻፈውን ስለሚያውቅ ሳያይም ያነባል ትለኝ ነበር። እኔም ያደረግኩት እሱኑ ነው። የሠራሁትን፣ ምን እንደጻፍኩ ሳልነግራት፣ ሰጥቼ አንብቢው አልኳት። አቃታት። አተለቅኩት። አሁንም አቃታት። ቀዩን አወጣሁት፣ ጥላውን አወጣሁት። ሲነበብላት ተውኩት።»

እውነቱን ነው። መሰላል ይዞለት የኖረው እሱ፣ ሲሻገር ያየው እሱ። ስልክ ደግሞ ማዶ የለውም፤ ታፔላው በእጁ ይዞት፣ አፍንጫው ሥር አድርጎት፣ መሻገሩን ረሳ። ሲቀናበት የከረመው ነገር የገዛ ራሱ ትምህርት ነበር፤ ከማንኛውም ቅናት የባሰ ያቃጠለውም ይኸው ነው። ምነው ከሌላ ሰው በተማረው ብሎ ተመኘ።

ያን ቀን ቅሬታዬን አንስቻለሁ ብሎ ለድረ ገጹ ጻፈ። ማሽኑ ሦስቱ ቀን ሳይሞላ አይሆንም አለው። ሚስቱ አልሰደበችውም፤ ብትሰድበው ይሻለው ነበር። ምሳ አቀረበች፣ ሻይ አቀረበች፣ ለጠየቃት ሁሉ እህ እያለች መለሰች። ጥጡን ከነክምሩ በጆንያ መልሳ አሰረችው።

ዓርብ ጠዋት ታፔላው ብሩሾቹን ከነጣሳቸው አወረደ። ጓሮ የነበረ አሮጌ ጣውላ ጠርጎ ነጭ ቀባው፤ ሲደርቅለት በጥቁር ጻፈ። ጥላ ሳይል፣ ሐረግ ሳይል። አንዷን ፊደል ሲጨርስ እጁ ከልማዱ የተነሳ ጫፏን ሊጠመዝዛት ነበር፤ በግራ እጁ ያዘው። ከዚያ ጣውላውን ተሸክሞ መንገዱን ተሻገረና ከማዶ፣ ከጫማ ሠሪው ግድግዳ ሥር ቆሞ በሁለት እጁ ደረቱ ላይ አቆመው። ሚስቱን በመስኮቱ በኩል ጠራት።

ከእሷ በፊት ያነበበው መንገደኛው ነው። ጫማ ሠሪው ወጥቶ ጮክ ብሎ አነበበ፤ ዳቦ ገዝታ የምትመለሰው ጎረቤት ቆማ አነበበች፤ አንድ ሾፌር መኪናውን ቀስ አድርጎ አነበበና ጡሩንባ ነፋለት። «ሚስቴን የከሰስኩት እኔ ነኝ። ጽሑፉ ይነበባል። ጥፋቱ የእኔ ነው። ታፔላው።» በየመስኮቱ ክርናቸውን ያስደገፉ ሰዎች በዙ። ሰውዬው ፊቱ ቲማቲም መስሏል፤ ግን አልተንቀሳቀሰም።

ሚስቱ ብዙ አየችው። ከዚያ «አይታየኝም» አለች።

ወደ መንገዱ መሐል ገባ። አሁንስ አላት። አይታየኝም አለችው። ከኋላው መኪና ይጮሃል። ዓይኗ ይሁን ሆዷ ያላየው አላወቀም፤ ሊጠይቃትም መብት የለው። ሦስት እርምጃ ቀረበ። አሁንም አይታየኝም። እንዲህ እየተባለ መስኮቱ ሥር ደረሰ፤ ጣውላው ደፉን ሊነካ አንድ ስንዝር ቀረው።

«ይነበባል» አለች በመጨረሻ። ቀጥላ ደግሞ «አያምርም ግን» አለች።

ጫማ ሠሪው ከማዶ ሳቀ። ታፔላው ራሱን ነቀነቀ፤ ልክ ነሽ ለማለት ነው። ሴትየዋ ዘወር ብላ ከስፌት መኪናዋ አጠገብ አንድ ሰማያዊ ትራስ አነሳችና በመስኮት አቀበለችው።

«እንካ። ዛሬ እገዳው ይነሳል። ቁጭ ብለህ ነጥብ ሰብስብ፤ ያስቆምከውን አንተው ታስኬደዋለህ።»

ዝም ቢል ምን ነበረበት። አላስቻለውም። «ለየትኛው ማስታወቂያ?» አለ።

«ለወንድምህ» አለችው።

ቆሽቱ እንደ አዲስ አረረ። ቢሆንም ጣውላውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ ትራሱን በሁለት እጁ ተቀብሎ ገባ፤ ደረቁ ወንበር ላይ አደረገውና ተቀመጠበት። ወገቡን ያመው እንደነበረ ያወቀው ያን ጊዜ ነው።